ከጥዶቹ ጥግ የቆመው ወፍጮ

ቬስተርባክ፣ ምዕራብ ዩላንድ፣ ዴንማርክ
ማርች 9 ቀን 1981

ለወንድሜ ልጅ ለኤስበን፣

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤቴ ቲራ ናት። እጁ የሷ ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ። ልጅ ሳለሁ ፊደሎቹ ዓይኔ ፊት እንደዚህ አገር አሸዋ እየሄዱ አስቸገሩኝ፤ እኔም ተውኳቸው፣ እነሱም ተዉኝ። አልተቀያየምንም። የምለውን ሁሉ ሳትቀንስ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። «ሁሉንም?» አለችኝ። ሁሉንም።

እግዚአብሔር አንተንም ባለቤትህን አርሊንንም ከበረዶና ከባንክ ይጠብቃችሁ። እኔ ጉልበቴን ቢያመኝም በእግሬ ነው ያለሁት።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቲራ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ ያስደገምኳት የሰማሁትን ስላላመንኩ ነው። ቤቱንና መሬቱን እንሽጠው ትላለህ። ግማሹ የአባትህ ነበር፣ ዛሬ ያንተ ነው፣ አልክድም። እኔን ደግሞ ከተማ ያለው የሽማግሌዎች መጦሪያ ልታስገባኝ አስበሃል። ባለፈው ክረምት ነዳጅ አልቆብኝ ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሼ ደርቄ መገኘቴ እውነት ነው። የጻፈልህ ፖስተኛው ነው፤ እሱ ሰውዬ ከፖስታ ይልቅ ወሬ ሲያደርስ ይፈጥናል። ነዳጅ እንዲህ ከተወደደ ወዲህ ለማሞቂያ የማወጣው ለሆዴ ከማወጣው በልጧል፣ ይሄም እውነት ነው። ግን ሰው በረደኝ ብሎ ከቤቱ አይወጣም። የበረደው ሰው ቤቱን ያሞቃል።

እንግዲህ ስማ። ብረት ሠሪው ፎልመር የነፋስ ወፍጮ መሥራት ጀምሯል፤ እህል የሚፈጭ ሳይሆን መብራት የሚያወጣ። ለቄሱ አንድ ተክሎላቸዋል፣ አሁን የቄሱ ቤተሰብ በየካቲት በሸሚዝ ነው የሚውለው። ዋጋው ከነምሰሶው ሰባ ሺህ ክሮነር ነው። በዚህ ያልቃል ብለህ ግን እንዳትታለል። ወፍጮ ገዛሁ የሚል ሰው የገዛው ግማሹን ነው። ከሥሩ አርማታ ይሞላል፣ አርማታው ፌሮ ይፈልጋል፣ እስከ ቤት ድረስ ኬብል ይቀበራል። የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ አለ። ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪውን የሚያስገባው ሰው አለ፤ እሱም ምሳ ይበላል። መንግሥት ጥቂት ይመልሳል ይላሉ። መንግሥት ሲመልስ እስካሁን በዓይኔ አላየሁም። በጠቅላላው መቶ ሺህ በለው። ላሞቼን ሸጬ ግማሹን ይዣለሁ። ግማሹን አንተ ላክ። ቤቱ የሁለታችን ከሆነ ብርዱም የሁለታችን ነው።

ቲራ ደግሞ «ከጥዶቹ ወዲያ ያለው ጉብታዬ ላይ ትከለው» ትላለች። በሰው መሬት ላይ ንብረቴን አላቆምም አልኳት። በዚያ ላይ እዚያ ጉብታ ላይ በግ እንኳ አይቆምም፣ ነፋሱ ጠጉሩን ይገፈዋል። «በግ ትከል አላልኩህም» አለች። እንዳትቀንሺ ስላልኳት ይሄንንም ጽፋዋለች።

አጎትህ ላውስት። መስቀሏ የኔ ምልክት ናት።


ሳስካችዋን፣ ካናዳ
አፕሪል 2 ቀን 1981

ለተከበሩ አጎቴ ለላውስት፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? እኔም አርሊንም ደህና ነን። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። እትዬ ቲራ፣ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ስለሆኑ ሰላምታዬን በቀጥታ ለእርስዎ አቀርባለሁ፤ ስለ እጅዎ አመሰግናለሁ።

አጎቴ፣ ገንዘቡን በባንክ ልኬያለሁ። በቀላሉ የተገኘ ገንዘብ አይደለም፣ ከዚህ በላይ ግን አላወራም። አንድ ውል እንድንይዝ እፈልጋለሁ። እስከሚመጣው አዲስ ዓመት፣ እስከ ጥር ድረስ ወፍጮው ቤቱን ካሞቀ ስለ ሽያጭ ዳግመኛ አላነሣም፤ እርስዎም እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ በቤትዎ ይኖራሉ። ካላሞቀ ግን የሽያጩን ወረቀት ይፈርሙልኛል። ይህን የምለው ከክፋት አይደለም። በካፖርት ደርቀው መገኘትዎን በሰማሁ ጊዜ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፎልመር ሁለት ዓይነት ምሰሶ እንዳለው ሰምቻለሁ። እባክዎን ረጅሙን ይግዙ። ሲተከልም ፎቶግራፍ ይላኩልኝ። እዚህ አገር ሜዳው ዛፍ የለውም፤ አንዳንድ ቀን የአባቴ ጥዶች ይናፍቁኛል።

አክባሪዎ ኤስበን


ቬስተርባክ
ጁን 21 ቀን 1981

ለኤስበን፣

ዛሬም ብዕሩ በቲራ እጅ ነው። ሰላም ላንተና ለአርሊን ይሁን፤ የላክኸው ገንዘብ በረከት ይሁንልህ። ውልህን ሰምቻለሁ። አንተ የአባትህ ልጅ ነህ፤ እሱም ከረሜላ ሲሰጠኝ እንኳ ውል ያስገባኝ ነበር። ተስማምቻለሁ።

ወፍጮው ቆመ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ ግማሹን። ሌላውን ግማሽ ጉልበቴ ቆሞ አየው። አርማታው በወጉ ደርቆ ቅዳሜ ዕለት ምሰሶው ተነሣ። የሰበካው ሰው ሁሉ መጣ። ሄሪንግ ዓሣና ጥቁር ዳቦ ቀረበ፣ ቢራ ቀረበ፣ ባንዲራ ሰቀልኩ። ገመዱን የጎተተው ሰው ብዙ፣ እንዴት እንደሚጎተት ያስተማረው ደግሞ ከጎተተው ይበልጣል።

ቦታውን ብታየው ደስ ይልሃል። አንተና አባትህ ማረሻውን ታቆሙበት የነበረው ጥግ ነው። በምዕራብ ጥዶቹ አሉ፣ በሰሜን ጎተራው፣ በምሥራቅ ቤቱ። እዚያ ዶሮ እንኳ ላባዋ አይነሣም። አባቶቻችን ከዚህ አሸዋ ጋር ሲታገሉ ኖረው ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ ያለውን ነገር ጥግ አስይዘው። ቤታችንን ጥግ አስያዝን፣ ከብታችንን ጥግ አስያዝን፣ ድንቻችንን ሳይቀር። መቶ ሺህ ክሮነር የወጣበትንማ እንዴት ሜዳ ላይ እጥለዋለሁ? ከመጣው ሕዝብ አንድም ሰው ተቃውሞ አልተናገረም። ፎልመር ራሱ ቦታውን ዞሮ አየና «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ» አለ። በኛ አገር ይሄ ሙገሳ ነው።

ረጅሙን ምሰሶ አልገዛሁም። ተጨማሪ አሥራ ሁለት ሺህ ጠየቀኝ። ለሰማይ አልከፍልም አልኩት።

ቲራ ምሰሶው ሲነሣ አጠገቤ ቆማ «ጉብታው አሁንም እዚያው ነው» አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሁለተኛ ጊዜዋ መሆኑ ነው። ተይኝ አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር፣ ስለ በጉም ደግሜ ተናገርኩ፣ ሕዝቡም ሳቀ።

ፎቶግራፉን ቄሱ አነሡት፤ ውስጡ አለልህ። ባርኔጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ላውስት። መስቀሌ ይኸው።


ሳስካችዋን
ኦገስት 15 ቀን 1981

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። ፎቶግራፉ ደርሶኛል፣ በኮመዲኖው ላይ አቁመነዋል፣ አርሊን ባርኔጣዎን ወዳዋለች።

የነሐሴ ነፋስ እዚያ ጎበዝ ነበር፤ አልረሳውም። ስለዚህ ቆጣሪው ምን እንደሚል ይጻፉልኝ። ቁጥሩን እትዬ ቲራ እንዳዩት ገልብጠው ቢልኩልኝ ይበቃል። ደግሞም መንግሥት ይመልሳል ያሉት ገንዘብ ከመጣ፣ ግማሹን ወደዚህ ቢልኩልኝ ውለታ ነው። አሁን ቢሆን ደስ ይለኛል። ከወር በኋላ ከሚሆን አሁን ቢሆን።

ኤስበን


ቬስተርባክ
ኦክቶበር 18 ቀን 1981

ለኤስበን፣

የዘገየሁት ቲራ በድንች ቁፈራ ተይዛ ነው። «እኔ ድንቼን በአንድ ሳምንት ነው የጨረስኩት» ትላለች። አትጻፊው። ጻፈችው።

እግዚአብሔር ያኑራችሁ። ዘንድሮ አጃው ጥሩ ነበር። ቄሱ አዲስ መኪና ገዙ፣ አረንጓዴ። የፖስተኛው ሚስት ጥላው ሄዳ ተመለሰች፤ ለምን እንደሄደች ሁሉም ያውቃል፣ ለምን እንደተመለሰች ማንም አያውቅም። መንግሥት እስካሁን አልመለሰም፤ ብዬህ ነበር።

ስለ ወፍጮው፦ ቀለሙ ደህና ይዟል። ዝገት የለውም።

«ኤስበን የጠየቀው ስለ ቀለም አይደለም» ትላለች ቲራ።

የጠየቀውን አውቃለሁ።

«ቆጣሪውን ጠየቀ።»

አንቺ ጻፊ እንጂ አትመርምሪ። ከደቡብ ሲነፍስ ይዞራል ብለሽ ጻፊ። ያው እዚህ አገር ከደቡብ የሚነፍሰው ለሠርግና ለቀብር ቀን ብቻ ነው፣ ያንን መጻፍ አያስፈልግም። ከምዕራብ ሲነፍስ ደግሞ ያርፋል። ማረፍ ለማሽን ጥሩ ነው።

አሁን ብዕሯን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ጥዶቹ እያየች ነው። ምን ታያለሽ ስላት «ምንም። አንተ የሸሸኸው ነፋስ እኔ ቤት ነው የሚያድረው፣ ለዚያ ነው የማውቀው» አለችኝ። እኔ ሌላ የምትጨምር መስሎኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ይህችን መጨረሻ የጻፈችው በማግሥቱ ነው።

ነዳጅ ሞልቻለሁ። ጥቂት።

ላውስት


ሳስካችዋን
ኖቬምበር 12 ቀን 1981

ለአጎቴ ላውስት፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አጭር እጽፋለሁ።

ትናንት አርሊን ኮመዲኖውን ስትወለውል ፎቶግራፉን አንሥታ «ባንዲራው ለምን ተኛ?» አለችኝ። እሷ ያደገችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው፤ ያልተውለበለበ ባንዲራ አይታ አታውቅም። ወስጄ አየሁት። ከበላይ የጥዶቹ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ጎብጧል፤ ማለት ነፋስ አለ፣ እንዲያውም ብርቱ ነፋስ። ከሥር ባንዲራው እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል፤ የሴቶቹ ቀሚስ አልነቃነቀም። ወፍጮውም አጠገባቸው ቆሟል። ጥዶቹ ከክንፎቹ በላይ ናቸው።

አጎቴ፣ የነፋስ ወፍጮ ከነፋስ ጥግ አስይዘው ተከሉት። እኔም አልስቅብዎትም፤ አራት ወር ሙሉ በየቀኑ አይቼው አልታየኝም። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ ቦታው ጥሩ መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርዎ። ከሐምሌ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ድርቁ ማሳውን ፈጀው፣ ገበሬው ማጨጃ መግዛቱን ተወ፣ ማጨጃ የምንሠራበት ፋብሪካም አሰናበተን። የወፍጮውን ገንዘብ የተበደርኩት መኪናዬን አስይዤ ነው። አርሊን የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ቤቱን መሸጥ የፈለግሁት መጦሪያ ላስገባዎ ብዬ ብቻ አልነበረም።

ገዢ አለ፤ ከእርስዎ በስተ ምሥራቅ ያለው አሳማ አርቢ። ወረቀቱ በጥር መጀመሪያ ይደርስዎታል። በውላችን መሠረት ይፈርሙልኝ። እትዬ ቲራ፣ ይህን ጮክ ብለው ማንበብ ስለሚከብድዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኤስበን


ቬስተርባክ
ዲሴምበር 6 ቀን 1981

ለኤስበን፣

ብዕሩን የያዘችው አሁንም ቲራ ናት። ዛሬ ይህን አስቀድሜ የምለው ለወግ አይደለም፤ ኋላ ይገባሃል። ሰላምታ ላንተ፣ ለአርሊንም፤ ዓይኗን እግዚአብሔር ይጠብቅላት። የሰበካው ሰው ሁሉ ያላየውን እሷ ካናዳ ሆና አየችው።

ደብዳቤህን ቲራ ድምፅዋን ሳታወርድ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሥራ ካጣህ ሰንብተሃል። ወንድሜ ቢኖር ይሰድብህ ነበር፣ እኔ ግን ምን አፍ አለኝ? አንተ ሥራህን ደበቅህ፣ እኔ ቆጣሪዬን ደበቅኩ። ዘራችን ነው።

አዎ፣ ጥግ አስይዤ ተከልኩት። የገባኝ በሐምሌ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቼ ባርኔጣዬ ከራሴ እንዳልተነቃነቀ አወቅኩ። ፎልመርን ጠርቼ ለምን አልነገርክኝም አልኩት። «ከዚህ የባሰም አይቻለሁ ብዬህ ነበር» አለ። የባሰው የት ነው ስለው «የትም የለም» አለኝ።

ምሰሶው ይረዝማል ወይ አልኩት። በዚህ መሠረት ላይ አይሆንም፤ አርማታውም ፌሮውም እንደ አዲስ ነው፣ ከረጅሙ ምሰሶ ዋጋ ጋር ሠላሳ ሺህ ያልፋል። ለሰማይ አልከፍልም ያልኩት ሰውዬ ሰማዩ ተወደደብኝ። አለዚያስ? «አለዚያማ ጥዶቹን ቁረጥ፣ መጋዝ በነፃ አውስሃለሁ» አለኝ።

እነዚህን ጥዶች አባትህና እኔ ልጆች ሆነን ነው የተከልናቸው። ችግኙ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። እሱ ውኃ ይሸከማል፣ እኔ አሸዋውን በእግሬ እረግጣለሁ። ያም ሆኖ አላገደኝም፣ ቤቴን ከማጣ ጥዱ ይቅር። መጋዙን ይዤ ወጣሁ። አንዱን ቆረጥኩ፣ ከመስኮቴ ትይዩ ያለውን። ወድቆ ሳይረጋ ነፋሱ በቀዳዳው ገባ። የወጥ ቤቱን በር ገንጥሎ ከፈተው። ይሄ ቤት ጥዶቹ ካደጉ ጀምሮ የምዕራብ ነፋስ ፊት ለፊት አይቶ አያውቅም፤ ግድግዳው እንደ ወንፊት ነው፣ እስካሁን ማንም አልጠየቀውም እንጂ። ያን ሌሊት ነዳጁን ሙሉ ከፍቼ በካፖርት ተኛሁ። ሁሉንም ብቆርጥ ወፍጮው ይዞራል፣ ያወጣውን ሙቀት ግን ግድግዳው ይበላዋል። ይሄንን ለማወቅ አንድ ጥድ ከፈልኩ። ርካሽ ነው።

ስለዚህ የቀረው ወፍጮውን ማዛወር ነው። ከጥዶቹ ወዲያ፣ ነፋሱ ወዳለበት። አጭሩ ምሰሶ እዚያ ይበቃል፣ ፎልመር ምሎልኛል። ጉልበቱን በነፃ ይሰጠኛል፣ አፉን ባለመክፈቱ ያፍራል። የአዲሱን መሠረት አርማታ፣ እስከ ቤት የሚደርሰውን ረጅም ኬብል፣ ሁለተኛውን የፈቃድ ገንዘብ እኔ እችላለሁ። ትራክተሬን ትናንት ሸጫለሁ። ከዚያ የሚተርፈው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣልሃል፤ ብዙ አይደለም፣ አመስጋኝ ደብዳቤ እንዳትጽፍልኝ። ወረቀትህን እስከ መጋቢት ድረስ ያዝልኝ። የየካቲቱ ነፋስ ካላሞቀኝ መስቀሌን ራሴ እፈርምልሃለሁ፣ መጦሪያውም ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እቀመጣለሁ። ከጥዶቹ ወዲያ ያለው መሬት ግን የኔ አይደለም፣ ያንተም አይደለም።

ቲራ፣ ብዕሩን አታስቀምጪ። እንዳትቀንሺ ብዬሻለሁ።

ኤስበን፣ በኛ አገር አንድን ነገር እንካ ሲሉህ መጀመሪያ እንቢ ማለት ነው፣ ሁለተኛውንም እንቢ፤ በሦስተኛው ትቀበላለህ፤ ባለጌ እንዳይሉህ። አንተ እዚያ ረስተኸው ይሆናል። ቲራ ጉብታዋን ሁለቴ ነው ያለችኝ። ሦስተኛውን ከሐምሌ ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። አላለችም። ለምን እንደማትለው አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ አስቄባታለሁ። አንድ ሰው የዘረጋውን እጅ ሁለቴ ከመታኸው ሦስተኛውን መጠበቅ ያንተ መብት አይደለም።

ጠየቅካት ወይ ትለኝ ይሆናል። አልጠየቅኳትም። በየደብዳቤው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጣ ላንተ የምጽፈውን ትጽፋለች፣ ፊቷን አያለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣው ስለ አጃ ነው። ዕድሜ ልኬን ከሰው መሬት ለምኜ አላውቅም፤ ከየትኛው ቃል እንደሚጀመርም አላውቅም። ላንተ ግን መናገር እችላለሁ፣ አንተ ሩቅ ነህ።

ስለዚህ ላንተ እንዲህ እልሃለሁ። ላውስት የቲራን ጉብታ ይፈልጋል። ኪራይ ይከፍላል። ኪራይ አልፈልግም ካለች ከወፍጮው የሚወጣው መብራት መጀመሪያ የሷን ቤት ያሙቅ፣ ከዚያ የኔን፤ የኔን ነፋስ እድሜዋን ሙሉ ስታሳድር ኖራለች። ስለ በጉ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። በሚመጣው እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጮክ ብዬ አነሣዋለሁ፣ ያኔ የሳቁት ሁሉ ባሉበት።

ከዚህ በታች ለራሷ ባዶ ቦታ እንድትተው ለቲራ ነግሬያታለሁ። መልሷን እዚያ ትጻፈው። የምትጽፈው ላንተ ነው፣ ለኔ አይደለም፤ እንዳታፍር። እኔ እንደሆንኩ ምን እንደጻፈች ዓይኔ አይነግረኝም።

መስቀሌ ይኸው። ላውስት።

አሁን ቲራ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። የኔ ቃል ሲያልቅም አታቁሚ፣ ያንቺንም እስከ ታች ድረስ አንብቢው።